በግድቡ ላይ የበቀለው ያንተ ዛፍ

ለማልረሳህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በልጅነትህ ብርድ ሲነካው የሚያፍንህ ደረትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ያስልሃል? በወጉ ትበላለህ? የምትተኛበት ክፍል ነፋስ አያስገባም? እኔ ጠይቄ አልጨርስም፣ አንተም መልሰህ አታውቅም፤ ቢሆንም ሰላምታው ሳይሞላ ወደ ወሬ መግባት ነውር ነው ብላ ያሳደገችን እናት ናትና አሁንም እጠይቃለሁ። ሰላምታዬ ከደጃችን ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጦ፣ አንተ ካለህበት ሳይደክመው ይድረስ። እኛ ከነጉድለታችን አለን። እማዬ አለች፣ ታላቃችን ጋሼ አለ፣ እኔም ከነምላሴ አለሁ። ይህን የምጽፍልህ ከምሠራበት ዳቦ ቤት ጓዳ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነውና ወረቀቱ ነጭ ብናኝ ቢኖረው አትደነቅ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ዱቄት የሚያመጣልን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ። ባለፈው ጉዞው ሲመለስ ከዱቄቱ ጋር አንድ ወሬ አራገፈልኝ። አንተ ያለህበት ከተማ ደርሶ፣ ፎቅ ከሚሠራበት አንድ አጥር ሥር አሸዋ ስትነፋ አይቶህ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በስምህ ጠራህ። ቀና ብለህ አየኸው። ከዚያ ወንፊቱን ጥለህ ወደ ቅያሱ ገባህ። ከስቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ግን እሱ ራሱ ነው አለኝ። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሲጠሩት ለምን ይሸሻል? በሕይወት መኖርህን ያወቅኩት በመሸሽህ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ስልክህ ከተዘጋ፣ ደብዳቤህም ከቀረ ብዙ ክረምት አልፏል። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልጻፍ ብለህ ከሆነ የኛን ቤት ረስተኸዋል ማለት ነው። እጅህን ማን ጠየቀህ? ይህን ልልህ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ ተውኩት፤ ተናድጄ ስጀምር ዕንባዬ ይቀድመኛል፣ አልቅሼ ስጀምር ንዴቴ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን የምተውበት ጊዜ የለኝም። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፣ የአባዬ ግድብም ታሟል።

ግድቡን እንዳትረሳው። ድሮ ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ በወሰደው ዓመት፣ አባዬ ከቤታችን ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ ኮረብቶች በሚገናኙበት አንገት ላይ፣ በራሱ መሬትና በራሱ ጉልበት ሸክላ አፈር እየደለደለ የሠራው ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። ሰዉ ጎርፍ አሳሪው ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይጠይቅ ተቀበለው። ክረምት ጎርፉ ሲመጣ ግድቡ ይይዘውና በሥሩ ባለችው ቱቦ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ በጋውን ባዶውን ይከርማል። የታችኛው ሰፈር እሱን አምኖ እንደገና ተሠራ። ዛሬ የልብስ ሰፊው ቤት፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ይህ ዳቦ ቤት፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የቆሙት የድሮው ጎርፍ ይሄድበት በነበረው መንገድ ላይ ነው።

አባዬ ግድቡ ላይ ከሣር በቀር ምንም አያሳድርም ነበር። ችግኝ ካየ ምሳውን ትቶ ሄዶ ይነቅላል፤ ሥር ለውሃ መንገድ ያሳየዋል ይል ነበር። አንተ የሄድክ ቀን እማዬ ግድቡ ጫፍ ላይ ወጥታ፣ የተሳፈርክበት አውቶቡስ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆማ አየችህ። በማግሥቱ እግሯ በቆመበት ቦታ፣ ወደ ሰፈሩ በሚያየው ተዳፋት ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከለች። አባዬ እስኪነቅለው ጠበቅን። መጣ፣ ቆሞ አየው፣ ጎንበስ ብሎ በዙሪያው ያለውን አረም ነቀለለትና ሄደ። ጋሼ ለምን ተውከው ብሎ ቢጠይቀው፣ ይህን እኔ አልነቅልም፣ የቻለ ይንቀል አለ። የቻለ ጠፋ። አባዬም ብዙ ሳይቆይ አለፈ።

ደብዳቤህ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ዛፉ ዛፍ ነበር። ደብዳቤህ ሲቀር ግን ለእማዬ ዛፉ አንተን ሆነ። ቅጠሉ ሲጠወልግ አሞታል ትላለች። ነፋስ አንድ ቅርንጫፍ የሰበረ ጊዜ እጁ ተሰብሮ ይሆናል ብላ ምግብ አልቀምስ አለች፤ እኔና የጋሼ ሚስት ለምነን ለምነን ነው የቀመሰችው። ጠዋት ጠዋት በምርኩዟ እየተደገፈች ትወጣና ግንዱን በመዳፏ ትዳስሰዋለች፣ ከዚያ ቀኗን ትጀምራለች። እኛም ምን ቸገረን፣ ካጽናናት ይሁን ብለን ተውናት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ስሰማ ነው ያደግኩት፣ ግን እናትን እያሳሳቀ እንደሚጀምር አላወቅኩም።

አባዬ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎች መሬቱን ሲያካፍሉን የላይኛው ማሳ ለጋሼ፣ ቤቱና ጓሮው ለእማዬና ለእኔ፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ቁራሽ ላንተ ሆነ። ያንተን ጋሼ ላንተ ያርስልሃል ወይም ለራሱ ያርሰዋል፣ ከሁለቱ አንዱ ነው። ግድቡን ግን ማንም አልፈለገውም። እህል አያበቅል፣ ገዢ አያገኝ። የአባታችን መታሰቢያ ነው፣ የጋራ ይሁን ተባለና ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ቱቦውን የሚጠርግ ጠፋ፤ ደለል ደፈነውና ውሃው በጋም ክረምትም እዚያው ይቆም ጀመር። ሰዉ ደስ አለው፤ ልብስ ያጥብበታል፣ ፍየል ያጠጣበታል። ልብስ ሰፊው ፍየሎቹን ግድቡ ላይ ሲነዳ አንድ ቀን ብቆጣው፣ ግድቡ የሕዝብ ነው፣ አንቺ ማነሽ ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ዘንድሮ በጋው ሁሉን ነገር አንድዶ ሳለ፣ ከዛፍህ ዝቅ ብሎ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ ላይ ሣር ለመለመ። እማዬ ያን ቀን ከግድቡ ስትወርድ ምርኩዟን በብብቷ ይዛ ነበር፣ እንደዚያ ስትራመድ ካየኋት ቆይቻለሁ። ልጄ ለምልሟል፣ የረገጠው መሬት ሁሉ ለምልሞለታል አለችኝ። ሾፌሩ መክሳትህን የነገረኝ በዚያው ሳምንት ነበር። ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ፣ ደስ ይላል እማዬ አልኳት። ግን የአባዬ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋ አለኝ፤ ማታውኑ ወጥቼ ሣሩን ብረግጠው እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነገርኳቸውና አንዲት መሐንዲስ ላኩ። እማዬ እንግዳ የመጣላት መስሏት በርጩማ ይዛላት ወጣች፤ እየመራቻት የለመለመውን ሣር አሳየቻት፣ ይህ የትንሹ ልጄ ነው ብላ በኩራት ነገረቻት። መሐንዲሷ የያዘችውን ቀጭን ብረት ሣሩ መሃል ብትተክለው ያለ ምንም ግፊት ሰመጠ። እማዬን ቀና ብላ አየቻት፣ ስለ ግድቡ ሳትነግራት እግዜር ይጠብቅልዎ አለቻት። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ወደ ዳር ወስዳ፣ የቆመው ውሃ የዛፉን ሥር ተከትሎ ግድቡን ከውስጥ እየሰረሰረው ነው አለችኝ። ሣሩ የለመለመው ግድቡ ስለሚያፈስ ነው።

ዛፉን መቁረጥ ብቻ አይበቃም አለች። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ መሬት ውስጥ ይበሰብስና ባዶ ቦይ ይሆናል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከነሥሩ ተቆፍሮ መውጣት፣ ቱቦውም አብሮ መጠገን፣ ጉድጓዱ በሸክላ አፈር እየተረገጠ መሞላት አለበት፤ ይህም ዝናብ ሳይገባ ነው፣ ከገባ በኋላ ግድብ አይከፈትም። ያለዚያ ግድቡን ራሳችን ሰብረን ጎርፉን ወደ ድሮ መንገዱ መመለስ ነው። ያኔ የታችኛው ሰፈር በየክረምቱ ውሃ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እናንተ አትሠሩትም ወይ ብላት፣ ግድቡ የግል ነው፣ እኛ እንመረምራለን እንጂ የሚጠግነውም፣ ጉዳት ቢመጣ የሚጠየቀውም ባለቤቱ ነው አለችኝ። ባለቤቱ ማነው ስትለኝ፣ እሱን ሰፈሩን ሰብስበሽ ጠይቂ አልኳት።

ይህንኑ ለሰዉ ልታስረዳ በሰፈሩ አዳራሽ ሰበሰበችን። ያን አዳራሽ ታውቀዋለህ፣ የላስቲክ ወንበሮቹ አሁንም እግራቸው ይከዳል። ባለቤቱ ይነሳ ስትል ሁሉም ጎረቤቱን አየ። ጋሼ ተነስቶ፣ እኔ የወረስኩት ማሳ ነው፣ ጎርፍ አልወረስኩም አለና ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ ያ የሕዝብ ነው ባዩ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የአባታቸው ግድብ ነው፣ የአባት ዕዳ ለልጅ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ ብሎ ተረተብን። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሁላችንም ስንቀላለድ ውሃው ሥራ አልፈታም። ተነስቼ የእኔ ነው አልኩ። በስሜ ጻፊው አልኳት። መሐንዲሷ ጻፈችው። ጋሼ ወደ ቤት ተመልሰን በራፉ ላይ ስንደርስ፣ ጀግና መሆን ያማረሽ እንደሆነ ለቁፋሮ የሚሆን ጉልበት እኔ አለኝ አለኝ። ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ የውሃ መሳቢያ ተውሰን ከቆመው ውሃ ግማሹን አወጣን። መሐንዲሷ ስትሄድ አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ ከሣሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ተቀበዪ፣ ጠርቶ ኩል እስከመሰለ ድረስ ጊዜ አለሽ፣ የደፈረሰ ቀን ግን ውሃው የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው አለችኝ። ከዳቦ ቤቱ አንድ ብርጭቆ ወስጄ እየተመላለስኩ አያለሁ። እማዬ ላንተ ብላ፣ እኔ ለብርጭቆው ብዬ፣ ዛፉ ሥር እንገናኛለን፣ እሷም የማደርገውን አትጠይቀኝም። በቀደም ያለ ወቅቱ አንድ ከሰዓት ሙሉ ዝናብ ወረደና ያወጣነው ውሃ ተመልሶ ሞላ። በማግሥቱ ብርጭቆው ውስጥ ጭቃ ዘቀጠ። ሳልቆይ ወደ ሰፈሩ ሮጬ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ዘመዱ ቤት አደረሰ። እኛም የዱቄት ጆንያውን በጡብ ላይ ከፍ አድርገናል። ልጄ ከጋሼ ቤት ታድራለች፤ እኔ እዚህ ግድቡ በኋላዬ ሆኖ ምድጃው ፊት ቆሜ ጀርባዬን ሁሌ ይበርደኛል።

ያን ዕለት ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ካንተ ወሬ በቀር። ትጮሃለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ዛፉ ከተነቀለ ልጄ እንዴት እንደሆነ በምን አውቃለሁ አለችኝ። ስለ ሰፈሩ ሰው ልደግምላት ስጀምር፣ እንግዲያው ራሱ ይንገረኝ አለች። እሱ ይነቀል ካለ የመጀመሪያውን ዶማ እኔው አሳርፋለሁ፣ እሱ ሳይል የነካው ሰው ግን ልጄን ገድሎታል። ይህን ተናግራ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። አሁን ዛፉ ሥር ትውላለች። ግድቡ ቢሄድ መጀመሪያ የሚወስደው እሷን ነው፤ ብለምናትም፣ ብቆጣትም፣ የጋሼ ሚስት ብታለቅስባትም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

አንተን መስዬ ልጽፍላት አስቤ ነበር። አልዋሽህም፣ ጀምሬው ነበር። ግን ፊደልህን ታውቃለህ፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ እማዬ ማንበብ ባትችልም የድሮ ደብዳቤዎችህን በጣቷ እየተከተለች የእጅህን አካሄድ ለይታዋለች። ደግሞ በሐሰት ቃልህ ዛፏን ካስነቀልኳት በኋላ አንድ ቀን እውነተኛው ያንተ ወሬ ቢመጣ ምን ዓይን ይኖረኛል? ተውኩት። ስለዚህ የምለምንህ አንድ ገጽ ነው። ብዙ አትጻፍ። ስለ ኑሮህ አትዋሽላት፣ እውነቱም ከከበደህ ዝለለው። እማዬ እኔ እዚህ ነኝ፣ ዛፉ ውስጥ አይደለሁም፣ ይነቀል በላት። ይህን ያህል ብቻ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ደብዳቤውን ለሾፌሩ ስጠው፤ እንዲያይህ ካልፈለግክ ከአጥሩ ዘበኛ ዘንድ ተወው፣ ጠይቆ ይወስደዋል።

ሾፌሩ ደርሶ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ቆፋሪዎቹን፣ ጋሼንም ጨምሮ፣ ለዚያ ጊዜ ቀጥሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ ሰማዩ አይታገሰኝም። ባዶ እጁን ከመጣ እነቅለዋለሁ። የእኔ ነው ብያለሁና ከታች ያለውን ሰው ሁሉ ለአንድ ዛፍ አልሰጥም። ያን ጊዜ እማዬ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ትቀመጣለች። ጎረቤቱም ይመጣል፣ እኔም ወንበር እያቀረብኩ፣ አንተ ቆመህ በምትሄድበት ምድር ላይ ለቅሶህን አስተናግዳለሁ። አልሞተም፣ አይተውታል ብላት በምን ታምነኛለች? ሲጠሩት የሸሸ ሰው ነው ያለኝ ምስክር።

ወንድሜ፣ አፌ ቢከፋም ልቤን ታውቀዋለህ። ከስተህ፣ ባዶ እጅህን፣ እንዳለህ ብትመጣ በሩ ላይ የሚጠይቅህ ሰው የለም።

ጋሼ ሰላም ብሎሃል፤ ማሳህ ደህና ነው በይው ብሎኛል፣ ይህን ያለው ከልቡ ነው። ሚስቱ ናፍቆቷ ብርቱ ነው፣ ደረትህን እንድትሸፍን አደራ ብላሃለች። ልጄ አንተን አይታህ ባታውቅም ሰላምታዋን ልካለች፤ ስላንተ የምታውቀው ከአያቷ የሰማችውን ነውና ለጓደኞቿ አጎቴ ከቤታችን ጣሪያ ይረዝማል እያለች ታወራለች። ልብስ ሰፊው እንኳ ስላንተ ጠይቆኛል፣ እንደምንም ብሎ ይጻፍላት ብሏል። አብረውህ የሚኖሩ ካሉ፣ ትዳርም ይዘህ ከሆነ፣ ለማላውቃት ሚስትህና ለማላውቃቸው ልጆችህ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እማዬንም ጠይቄአት ነበር። ለልጅሽ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ አልኳት። ሰላምታ ምን ያደርጋል፣ አሁን ከእሱ ዘንድ አይደል እንዴ የመጣሁት አለችኝ።

እህትህ

ከግድቡ ሥር፣ ከዳቦ ቤቱ ጓዳ
ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ በከበደበት ሰኞ